ማሲንቆዬን ከሚስማር አድኑልኝ

ተረት ልጀምር ነው። የፈራ ወደኔ ይጠጋ፤ ያልፈራም ትንሽ ይፍራ፤ ይቺ ተረት ያለ ፍርሃት አትሄድም።

አንዲት የገበያ ከተማ ውስጥ እንጉዳይ የምትባል አዝማሪ ነበረች። «ሴት ማሲንቆ አትመታም» ሲሏት እየመታች ያደገች ናት። አንድ ዘፈኗ በኢንተርኔት ተለቀቀና አገር ምድሩ ሰማው። ታክሲ ውስጥ እሷ፣ ፀጉር ቤት እሷ፣ ሥጋ ቤት እሷ። ሰው ሁሉ «እንጉዳይማ አለፈላት» አለ። ምኑ አለፈላት! ድሮ ለሠርግና ለክርስትና የሚጠሯት ሰዎች «ዘፈንሽ ስልካችን ላይ አለ፤ አንቺን ምን አስለፋን?» ብለው መጥራት ተዉ። ዘፈኗ አገር ሲዞር እሷ ቤቷ ቁጭ አለች። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ማለት ይኸው ነው።

ኪራይ ሳትከፍል ከረመች። አከራይዋ እትዬ የሻረግም አንድ ቀን እንጉዳይ ውሃ ልትቀዳ በወጣችበት ገቡና ማሲንቆዋን ይዘው ወጡ። እንጉዳይ ጀሪካኗን ጥላ ተከተለቻቸው። የምትፈልገው ነገር ትንሽ ነው፤ ማሲንቆዋን ብቻ።

«እትዬ የሻረግ፣ ማሲንቆዬን ይስጡኝ።»

«ኪራዬን ስጪኝ።»

«ሠርቼ እከፍልዎታለሁ። ያለ ማሲንቆ በምን ልሥራ?»

«እሱን ቀደም ብሎ ማሰብ ነበር። ከፊታችን ያለው አዲሱ ሆቴል ግድግዳው ላይ የሚሰቅለው የባህል ዕቃ ፈልጎ፣ ሸጬለታለሁ። ቀብድ ተቀብያለሁ፤ ቀብዱንም በልቼዋለሁ። ዛሬ ፀሐይ ስትጠልቅ አናጢው ሆዱ ላይ ሚስማር መትቶ ይሰቅለዋል።»

የማሲንቆ ሆድ ቆዳ ነው፤ ቆዳው ከተበሳ ድምፅ የለውም። ማሲንቆዋ ግድግዳ ላይ ተቸንክሮ እንግዳ ሲገባና ሲወጣ ሲያይ፣ እሷም በመስኮት ቆማ እሱን ስታይ ለእንጉዳይ ታያት። ፈራች። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ፈርታ አታውቅም።

«እኔስ የማልፈራ መሰለሽ?» አሉ እትዬ የሻረግ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የሆቴሉ ባለቤት ቀብዱን የበላበትን ሰው ምን እንደሚያደርገው አገር ያውቃል። ኪራዬን ሳላገኝ ማሲንቆውን አልሰጥም። ይልቅ ዘፈንሽን የለቀቀው ልጅ ይክፈልሽ። ሂጂ፣ ፀሐይዋ አትጠብቅሽም።»

እንጉዳይ ሮጠች። ዘፈኑን የለቀቀው ልዑልሰገድ የሚባል ቪዲዮ አንሺ ነው። አንድ ሠርግ ላይ ስትዘፍን ቀረጻትና ቻናሉ ላይ ጫነው። አሁንም ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጦ የሌላ ሰው ሠርግ ይቆራርጣል።

«ልዑሌ፣ ወንድሜ! እትዬ የሻረግ ማሲንቆውን አልሰጥም አሉ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ሚስማር ሊመታበት ነው። የዘፈኔን ገንዘብ ክፈለኝ፣ ኪራዩን ልክፈል፣ ማሲንቆዬን ላውጣ።»

«እንጉዬ፣ ቪውሽን አየሽው? ስንት ሰው እንዳየሽ ብታውቂ!»

«እትዬ የሻረግ ቪው ይቀበላሉ?»

ልዑልሰገድ ዓይኑን ከኮምፒዩተሩ ነቀለ። «አይቀበሉም» አለ ቀስ ብሎ። «እኔም በቪው ዳቦ ገዝቼ አላውቅም። ገንዘቡን የሚሰበስቡት ወኪሉ አቶ ሙዘይን ናቸው። እሳቸው ካላስተላለፉ እኔ አልከፍልም፤ ከየት አምጥቼ? ደፍሬ ደግሞ አልጠይቃቸውም። ቻናሌን ቢዘጉብኝ በዱቤ የወሰድኩት ካሜራ ይነጠቃል። እፈራለሁ፣ እንጉዬ። አንቺ ሂጂና ጠይቂያቸው።»

እንጉዳይ ሮጠች። የአቶ ሙዘይን ቢሮ የሕንፃ ጫፍ ላይ ነው፤ አሳንሰሩ ደግሞ አይሠራም። ደረጃውን እየጸለየች ወጣች። በየፎቁ መስኮት ፀሐይዋን ታያለች። እሷ ወደ ላይ ስትወጣ ፀሐይዋ ወደ ታች ትወርዳለች።

«አቶ ሙዘይን፣ በአላህ! እትዬ የሻረግ ማሲንቆውን አልሰጥም አሉ፤ ልዑልሰገድ ገንዘቡን አልከፍልም አለ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ሚስማር ሊመታበት ነው። እርስዎ ለልዑልሰገድ ያስተላልፉ፣ ልዑልሰገድ ለእኔ ይክፈል፣ እኔ ኪራዩን ልክፈል፣ ማሲንቆዬን ላውጣ።»

አቶ ሙዘይን ኮታቸውን አወለቁና ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስልክ ሸፈኑት። ከዚያ ወደ ጆሮዋ ተጠግተው «ይሰማል» አሏት።

«ማን?»

«ቆጣሪው። ዘፈን ስንት ጊዜ እንደተሰማ የሚቆጥር፣ ገንዘቡንም የሚለቅ እሱ ነው። ያንቺን ዘፈን ገንዘብ አስሮታል። ለምን እንዳሰረው አላውቅም።»

«ለምን አይጠይቁትም?»

«አብደሻል? አንድ ጓደኛዬ ጠየቀው። በማግስቱ በእጁ ያሉት ዘፈኖች ሁሉ ድራሻቸው ጠፋ፤ የገዛ አባቱ ዘፈን እንኳ አልቀረለት። እኔ የልጆች አባት ነኝ። ቆጣሪው ካልፈታ አላስተላልፍም። ስልኩ ይኸው፣ ራስሽ ጠይቂው። ብቻ እኔ እዚህ አልነበርኩም።»

ይህን ብለው ከገዛ ቢሯቸው ሹልክ ብለው ወጡ። ፈሪ ለእናቱ ነው፤ አልፈርድባቸውም።

ቆጣሪውን በዓይኑ ያየ ሰው የለም። ቤቱ የት እንደሆነ፣ ማን እንደሠራው፣ ምን እንደሚበላ በዚያ ከተማ የሚያውቅ አልነበረም። እንጉዳይ ኮቱን ገለጠችና ስልኩ ላይ አጎነበሰች።

«ቆጣሪ ሆይ!» አለች፤ ምን ተብሎ እንደሚጠራ አታውቅማ። «እትዬ የሻረግ ማሲንቆውን አልሰጥም አሉ፤ ልዑልሰገድ ገንዘቡን አልከፍልም አለ፤ አቶ ሙዘይን አላስተላልፍም አሉ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ሚስማር ሊመታበት ነው። አንተ ፍታ፣ አቶ ሙዘይን ያስተላልፉ፣ ልዑልሰገድ ይክፈል፣ እኔ ኪራዩን ልክፈል፣ ማሲንቆዬን ላውጣ።»

«ውድ ደንበኛ፣ መልእክትዎ ደርሶናል» አላት የሴትም የወንድም ያልሆነ ድምፅ። «ዘፈኑ የእርስዎ ስላልሆነ አልፈታም።»

«የማን ነው ታዲያ?»

«የአቶ ቀኘው ነው። በዘፈኑ መጀመሪያ የተጠራው ስም የእሳቸው ነው።»

እንጉዳይ ራሷን ያዘች። ያ የሠርግ ቀን ትዝ አላት። ልዑልሰገድ ካሜራውን አስተካክሎ «ስትጀምሪ ስም ጥሪ፣ ባለቤቱ እንዲታወቅ» ብሏት ነበር። እናንተ ብትሆኑ የራሳችሁን ስም ትጠሩ ነበር። አዝማሪ ግን እንዲህ አያደርግም። አዝማሪ ስም ጥራ ሲባል ከፊቱ የተቀመጠውን የክብር እንግዳ ስም ነው የሚጠራው። የራሷን ስም ጠርታ ብትጀምር ሠርገኛው በሙሉ በሳቀባት ነበር። እሷም እንደ ወጉ ዞር ዞር ብላ አየች፤ ከፊት ወንበር ላይ የፍራሽ ነጋዴው አቶ ቀኘው ተቀምጠዋል። «ቀኘው መከታ፣ ቀኘው የሰው ጌጥ» ብላ ጀመረች። ሠርገኛው አጨበጨበ፤ ቆጣሪው ደግሞ ጻፈ።

«ቆጣሪ ሆይ፣ ሰውየውን አሞገስኩት እንጂ ዘፈኑን አልሰጠሁትም!»

«አቶ ቀኘው ስማቸውን ከዘፈኑ ላይ እስኪያነሱ ድረስ አልፈታም። ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን።»

ስልኩ ጨለመ። አልጮኸባትም፣ አልሰደባትም። እንጉዳይን ከሁሉ በላይ ያስፈራትም ይህ ነው። የተቆጣ ሰው ይለመናል፤ የማይቆጣን ነገር በምን ይለማመጡታል?

ሮጠች። የአቶ ቀኘው ሱቅ በሩ ላይ ትልቅ ሞንታርቦ አቁሟል። ሞንታርቦው በእንጉዳይ ድምፅ «ቀኘው መከታ፣ ቀኘው የሰው ጌጥ» እያለ መንገዱን ያናውጣል። ውስጥ ፍራሹ ኮርኒስ እስኪነካ ተከምሯል።

«አቶ ቀኘው!» ብላ ጮኸች። አልሰሟትም። «አቶ ቀኘው!» አለች እንደገና። የገዛ ድምፅዋ ከሞንታርቦው ወጥቶ ድምፅዋን ዋጠው። አፏን ትከፍታለች፤ የሚሰማው ግን ያኛው ነው። እዚያው መንገዱ ላይ ቆማ «ሞቼ ይሆን?» ብላ አሰበች። በኋላ ሽቦውን ጎትታ ነቀለችው።

«ምን ሆነሻል አንቺ!» ብለው ወጡ አቶ ቀኘው። ከዚያ አወቋት። «እንጉዳይ ነሽ እንዴ? ስልኩ ላይ ድምፅሽ ይወፍራል።»

«ጌታዬ፣ ይስሙኝ። እትዬ የሻረግ ማሲንቆውን አልሰጥም አሉ፤ ልዑልሰገድ ገንዘቡን አልከፍልም አለ፤ አቶ ሙዘይን አላስተላልፍም አሉ፤ ቆጣሪው አልፈታም አለ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ሚስማር ሊመታበት ነው። እርስዎ ስምዎን ያንሱ፣ ቆጣሪው ይፍታ፣ አቶ ሙዘይን ያስተላልፉ፣ ልዑልሰገድ ይክፈል፣ እኔ ኪራዩን ልክፈል፣ ማሲንቆዬን ላውጣ።»

አቶ ቀኘው ሽቦውን አንስተው በእጃቸው ያዙ። «ራስሽ ጠርተሽኝ ራስሽ ልታወርጂኝ?» አሉ። «ማዶ ያለው ፍራሽ ቤት ይታይሻል? ገዢ በዚያ በኩል ነበር የሚያልፈው። ዘፈንሽ ሲጮህ ነው ወደኔ የዞረው። ዝም ካለ ይመለሳል። ይህን ሁሉ ፍራሽ በባንክ ብድር ነው የሞላሁት፤ በዚህ ሁሉ ፍራሽ መሃል አንድ ቀን እንቅልፍ ወስዶኝ አያውቅም። ስሜን አላነሳም።»

«እባክዎን!»

«ሰፈሩ መስማት ሲያቆም እኔም አቆማለሁ። ሂጂና ሰፈሩን 'አትስሙኝ' በዪው።»

ሽቦውን መልሰው ሰኩት። ሞንታርቦው ካቆመበት ቀጠለ።

እስቲ ንገሩኝ፣ አዝማሪ «አትስሙኝ» ብላ ስትለምን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔም አልሰማሁም። እንጉዳይ ግን ሄደች። ዕድሜዋን ሙሉ «ስሙኝ» ስትል የኖረች ሴት «አትስሙኝ» ልትል ሄደች። እግሯ ከብዷታል፤ ፀሐይዋም ከሆቴሉ ጣሪያ በላይ ትንሽ ብቻ ቀርቷታል።

በሰፈሩ ከሁሉ አብዝቶ የሚሰማት ማን እንደሆነ ታውቃለች። ልብስ ሰፊው ጋሽ ይማም ናቸው። ከጠዋት እስከ ማታ ያንኑ ዘፈን ነው የሚያስደጋግሙት። የስፌት መኪናቸው አጠገብ ስልካቸውን አቁመው፣ መኪናዋን በእግራቸው እየረገጡ አገኘቻቸው። ሱቁ በር ላይ አንድ የሴት ቀሚስ ተሰቅሏል።

«ጋሽ ይማም፣ አይቀየሙኝ። እትዬ የሻረግ ማሲንቆውን አልሰጥም አሉ፤ ልዑልሰገድ ገንዘቡን አልከፍልም አለ፤ አቶ ሙዘይን አላስተላልፍም አሉ፤ ቆጣሪው አልፈታም አለ፤ አቶ ቀኘው ስሜን አላነሳም አሉ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ሚስማር ሊመታበት ነው። እርስዎ ስልክዎን ይዝጉ፣ አቶ ቀኘው ስማቸውን ያንሱ፣ ቆጣሪው ይፍታ፣ አቶ ሙዘይን ያስተላልፉ፣ ልዑልሰገድ ይክፈል፣ እኔ ኪራዩን ልክፈል፣ ማሲንቆዬን ላውጣ።»

የስፌት መኪናዋ ቆመች።

«አልዘጋም፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ይማም።

«ምነው?»

«ልጄ ከድጃ ዓረብ አገር ሄዳ ከጠፋች ሰነበተች። በፊት በየሳምንቱ ትደውል ነበር። ይኸ ዘፈን ዝም ሲል እሷ አለመደወሏ ይሰማኛል። ዝምታውን እፈራዋለሁ። ሌባ አልፈራ፣ ጅብ አልፈራ፣ ዝምታውን ግን እፈራዋለሁ።»

ለእንጉዳይ የራሷ ፍርሃት ትንሽ መስሎ ታያት፤ ግን አልቀነሰላትም።

«ደግሞ አንድ ነገር አለ» አሉ ጋሽ ይማም፣ ስልኩን እየተቆጡት። «ለከድጃ የገጠምኳት አንዲት ግጥም አለችኝ። እዚህ ጉሮሮዬ ላይ ናት፤ አትወርድ፣ አትወጣ። በየቀኑ ለዚህ ስልክ 'ተቀበይ!' እለዋለሁ። እሱ አይቀበለኝም፤ የራሱን ይቀጥላል። በድሮው ጊዜ አዝማሪ ቤት ገብተሽ ተቀበይ ካልሽ ትቀበልሽ ነበር፤ ያንቺን ግጥም በእሷ አፍ ትሰሚውና ይቀልልሽ ነበር። ግጥሜን የሚቀበልልኝ ባገኝ ስልኩን ዛሬውኑ እዘጋው ነበር።»

«እኔ እቀበልዎታለሁ» አለች እንጉዳይ።

ከአፏ ካመለጣት በኋላ ደነገጠች። ያለ ማሲንቆ ዘፍና አታውቅም። ማሲንቆው መንገዱን ያሳያታል፣ እሷ ትከተላለች፤ ባዶ እጇን ብቻዋን መሄድ አትችልበትም። ድምፅዋ ቢሰበርስ? የሰውየውን ግጥም ብታበላሸውስ? እኒህ ሽማግሌ ይቺን ግጥም ስንት ቀን ተሸክመዋታል።

ጋሽ ይማም ግን ተነሥተው ነበር። እጃቸውን እንደ ድሮው አነሱ።

«ተቀበይ!» አሉ።

«እሺ፣ ጌታዬ።»

«ቀሚስሽን ሰፍቼ ሰቀልኩት ከበሩ፤»

እንጉዳይ አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣም። ጋሽ ይማም ፊቷን አዩና ተመልሰው ተቀመጡ። መኪናዋን በእግራቸው ይረግጡ ጀመር፤ ቀስ ብለው፣ ጨርቅ ሳያገቡባት፣ ለምቱ ብቻ። እንጉዳይ ምቱን ይዛ ገባች።

«ቀሚስሽን ሰፍቼ ሰቀልኩት ከበሩ፤»

«ለባሿ ካልመጣች ምን ያደርጋል ክሩ» አሉ ጋሽ ይማም።

«ለባሿ ካልመጣች ምን ያደርጋል ክሩ።»

ዘፈነችው። መለሰችና ዘፈነችው። ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ፣ አልተሰበረም። ጋሽ ይማም የገዛ ግጥማቸውን በሌላ ሰው አፍ ሰምተው አለቀሱ፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። ሲረጋጉ ከኪሳቸው አንድ የብር ኖት አወጡና፣ እንደ ወጉ፣ ላብ ያወረዛው ግንባሯ ላይ ለጠፉላት። ከዚያ እጃቸውን ወደ ስልኩ ሰደዱና ዘጉት።

ሱቁ ዝም አለ። ጋሽ ይማም ዝምታውን አዳመጡ። «ዛሬስ ቻልኩት» አሉ።

ጎረቤት ያለው ሊስትሮ ሁሉንም ሰምቶ ነበር። «እኔም አንዲት አለችኝ፤ ተቀበይ!» ብሎ መጣ። ባለ ሱቋ ሬዲዮዋን ዘግታ መጣች። የታክሲው ሾፌር ቴፑን አጥፍቶ፣ ታክሲውን መሃል መንገድ አቁሞ፣ «ተቀበይ!» እያለ መጣ። አንዱ ለሞተ ወንድሙ፣ አንዷ ለተጣላችው እህቷ፣ አንዱ ለሸጠው በሬ ገጠመ። ሰፈሩ ለካ ግጥም አፍኖት ኖሯል። እንጉዳይ የሁሉንም ተቀበለች፤ ሁሉም ግንባሯ ላይ ብር ለጠፉ። በየቤቱ የሚጮኸው ስልክ አንድ በአንድ ጠፋ።

አሁን ልብ በሉ። ፍርሃት የሄደበትን መንገድ ያውቃል፤ በዚያው ይመለሳል።

ጋሽ ይማም ስልካቸውን ዘጉ፤ ሰፈሩም ተከትሎ ዘጋ። የአቶ ቀኘው ሞንታርቦ ለባዶ መንገድ ጮኸ። «ቀኘው መከታ፣ ቀኘው የሰው ጌጥ» ይላል፤ የሚሰማው አንድ ውሻ ብቻ ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። አቶ ቀኘው በራቸው ላይ ቆመው አዩ፤ ሰው ሁሉ ጀርባውን ሰጥቷቸው እውነተኛዋን ይሰማል። ጀርባ ብቻ ነው የሚታየው። ላብ አጠመቃቸው። «ስሜን አንሡልኝ! ዘፈኑ የእሷ ነው!» ብለው ስልካቸው ላይ ጮኹ።

አቶ ቀኘው ስማቸውን አነሡ። ቆጣሪው የሰፈሩን ቁጥር አየ፤ ቁጥሩ ቆሟል። ጠበቀ፤ አልተነቃነቀም። ያን ጊዜ ያ የማይፈራ የመሰለን ነገር ፈራ፤ የሚቆጠር ከሌለ ቆጣሪ ምን ይሠራል? «ውድ ደንበኛ፣ እባክዎን» አለ፤ እባክዎን ብሎ አያውቅም ነበር። ቆጣሪው ፈታ። አቶ ሙዘይን ቆጣሪው መፍራቱን ሰምተው ይበልጥ ፈሩ፤ አስተላለፉ። ልዑልሰገድ አቶ ሙዘይን በጥድፊያ ሲልኩለት ምን መጣ ብሎ ፈራ፤ ሊከፍል እየሮጠ መጣ።

«እንጉዬ፣ ይኸው ገንዘብሽ!» አላት እያለከለከ።

ገንዘቡ በመንገዱ ላይ ሁሉንም ሰላም እያለ ነበር የመጣው። ቆጣሪው የድርሻውን አነሣ፣ አቶ ሙዘይን የድርሻቸውን አነሡ፣ ልዑልሰገድም፣ እግዜር ይይለትና፣ የድርሻውን አነሣ። እንጉዳይ እጅ ሲደርስ የማሲንቆ ጭራ እንኳ አይገዛም። አገር ምድሩ የሰማው ዘፈን ዋጋ ይቺው ናት። እንጉዳይ መዳፏን አየች፤ ቀና ስትል ደግሞ ፀሐይዋን አየች። ቀዩ ጫፏ ብቻ ቀርቷል።

ሮጠች። ሰፈሩም ተከተላት። ጋሽ ይማም መቀሳቸውን በእጃቸው እንደያዙ፣ ሊስትሮው ብሩሹን እንደያዘ፣ ሾፌሩ ታክሲውን እዚያው ትቶ ሮጡ።

የሆቴሉ በር ክፍት ነበር። አናጢው መሰላል ላይ ወጥቷል፤ ከንፈሩ ላይ የቀሩትን ሚስማሮች ነክሷል። ማሲንቆው በግራ እጁ ግድግዳው ላይ ተደግፏል፤ የአንዱ ሚስማር ጫፍ ቆዳው ላይ ተደቅኗል፤ መዶሻው ወደ ላይ ተነሥቷል። እትዬ የሻረግ ከታች ቆመው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነዋል።

«እትዬ የሻረግ!» አለች እንጉዳይ። ትንፋሽ አጠራት፤ ያን ሁሉ ሰንሰለት ልትደግመው ፈለገች፤ አልቻለችም። መዳፏን ብቻ ዘረጋች።

እትዬ የሻረግ መዳፏን አዩ። «ይቺ ናት?» አሉ።

«ይቺው ናት።»

እትዬ የሻረግ ቀና ብለው ፊቷን ሲያዩ ደነገጡ፤ ሕዝቡንም አዩ፣ መቀሱንም አዩ። ከዚያ እጃቸው ወደ እንጉዳይ ፊት ሄደ። ግንባሯ፣ ጉንጯ፣ አንገቷ ድረስ ብር ተለጥፎባታል። ፍርሃቱ አስረስቷት እንደተለጠፈባት ነው የሮጠችው። እትዬ የሻረግ አንድ አንዱን ላጡት፤ ኪራዩን ላጡ፣ ቀብዱንም የሚመልሱበትን ላጡ። ጫፏ የተቀደደችውን አንዷን መልሰው ለጠፉላት።

«አውርድ!» ብለው ጮኹ ወደ መሰላሉ። «አውርደው! ማሲንቆውን ሰጥቻለሁ!»

አናጢው ወረደ። እንጉዳይ ማሲንቆዋን ተቀበለችና ሆዱን በጣቷ ዳሰሰች። ሚስማሩ ያረፈበት ቦታ ትንሽ ጎድጉዷል፤ አልተበሳም። ደጋኑን ያዘች። እጇ አልታዘዛት አለ፤ ያን ሁሉ መንገድ የሮጠ ፍርሃት አሁን ነው ወደ እጇ የደረሰው። ቢመታና ድምፅ ባይወጣስ? አንድም ሰው «ምቺው» አላለም፤ ሁሉም ያንኑ ነበር የሚፈሩት።

አናጢው ሚስማሮቹን ከከንፈሩ ላይ ነቅሎ ኪሱ ከተተ። መዶሻውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ተቀበይ» አላት።

«እሺ» አለች።

«ሚስማሬን ደቅኜ ሆዴ እየሰጋ፤
እንኳን ደረስሽልኝ ቆዳውን ሳልወጋ።»

እንጉዳይ ደጋኑን ሳበችው፤ ማሲንቆው ቀድሞ ተቀበለ፣ እሷም ተከተለች።

ተረቴ እዚህ ላይ ትለቀኛለች። ዳቦ አልጠይቅም፤ ግንባሬ ግን፣ እንደምታዩት፣ ባዶ ነው።